ከመሀሉ እስከ ጠርዙ

ሮብሌ ድንጋዩን በሽርጡ ጫፍ ቋጥሮ፣
በቀትር መጣብኝ በእግሩ ከጎሮ።
«አቦ ኢንጂነር፣ እዪልኝ፤ ሩቢ ነው መሰለኝ፤
ለሂቦ መዳሪያ አላህ ነው የሰጠኝ።»

«አይደለም» ለማለት ውሃ አስቀደምኩለት፤
ጠጣ። ደግሞ ጠጣ። ያኔ ነው ያልኩት፦
«ጋርኔት ነው ስሙ።»
        «ጋርኔት ስንት ያወጣል?»
«እንዲህ ያለው? ምንም። ስንጥቅ በዝቶበታል።»

ድንጋዩን ትቶልኝ ሄደ።
የኒሟ ጥላ አብራው የሄደች መሰለኝ።

ማታ፣ ሙቀቱ ከቆርቆሮው ሲወርድ፣ በመጋዝ ቆረጥኩት፤
መስተዋት ላይ ለጥፌ ፈጨሁት፣ ፈጨሁት፣
ከፀጉር እስኪሳሳ፣ ብርሃን እስኪያልፈው።
መብራት ሁለቴ ጠፋ። በጨለማ ያዝኩት፣ እንዳይሰበር፣
በሁለት ጣት፣ ያልደረቀ የቢራቢሮ ክንፍ እንደሚያዝ።

ሁለቱ ማጣሪያዎች ሲጠላለፉ
«ጋርኔት ይጨልማል» ይላል መጽሐፉ።
ይኸኛው አልጨለመም።
ግራጫ፣ ጥቁር፣ ግራጫ፣ ጥቁር፣
ቀለበት በቀለበት ውስጥ፣
በልጅነቴ ወደ ሽንሌ ስንሄድ
እየዘለልኩ የቆጠርኳቸው የሃዲዱ አግዳሚዎች።

ከመሀሉ ጀመርኩ።
መሀሉ ፈዛዛ፣ አረንጓዴ ቢጤ፣ አሉሚኒየም ያደላበት፤
ያኔ እሳቱ እንግዳ ነበር፣ ኖራው ባለቤት፤
እንግዳም የቀረበለትን ይበላል።

ከዚያ ከሥር፣ ከቅልጡ አለት፣ ትኩስ ውሃ ወጣ፣
ጨው ያዘለ፣ ብረት ያዘለ፣ አንዴ በዝቶ አንዴ ሳስቶ የመጣ፣
ልክ እንደ ደቻቱ፦ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ፣
አንድ ሌሊት ግን
(እኛ ድሬዎች ይህን ዐረፍተ ነገር አንጨርሰውም።)

ጋርኔቱ ይጨርሰዋል።
ጎርፍ በመጣ ቁጥር መስመር አስምሯል፤
ብረትና አሉሚኒየም ወንበራቸው አንድ ነው፣
አንዱ ሲነሳ ነው አንዱ የሚቀመጠው።
ካልሲየም ብቻ ንቅንቅ አላለም፤
እሱ የአገሬው ልጅ ነው፣ የኖራው፤ ጎርፍ አይቶ አይሰደድም።
አሥራ ዘጠኝ መስመር ቆጠርኩ። ሃያኛው ላይ ስንጥቁ ዋጠኝ።

ባሕር ማዶ የላክነው ናሙና ቁጥሩ በሦስት ወር መጣ፦
መሀሉ ላይ የብረት ድርሻ ከመቶ ሃያ ሁለት፣
ወደ ጠርዙ ሰማንያ ሰባት፣
ከሁሉ ውጭ፣ እንደ ክር በቀጠነችው መጨረሻ፣ ሠላሳ።
እሳቱ ሲደክም ቤቱ ለባለቤቱ ተመለሰ፣ ማለት ነው፤
እንዲህ ተብሎ ግን በሰንጠረዥ አይጻፍም።

ሮብሌን ፈልጌ ተራራው ጋ ወሰደኝ።
ከፊት ነው የሚሄደው፤ ጫማው ይንቋቋል።
«እብነ በረዱ እዚህ ያልቃል» አለ በዱላው፣
«ከዚህ ወዲያ ቢጫው፣ አረንጓዴው ይመጣል፤
ከዚያ የተምር ቀለም፤ ከዚያ የደረቀ ደም።
ፍየል የጠፋች ቀን ሂቦን በቀለም ነው የምልካት።»
ማን አስተማረህ አላልኩትም።
እኔ ግማሽ ሚሊ ሜትር ላይ ዓይኔ እስኪቀላ ያነበብኩትን
እሱ ሠላሳ ዓመት በተረከዙ ሲያነበው ኖሯል።

ቀዩ አለቀ። ጥቁሩ አለት ጋ ደረስን።
ኮምፓሴን አወጣሁ፤ መርፌዋ
ሰሜንን ረሳች። ወደ እግራችን ሥር ዞራ
ተንቀጠቀጠች፣ ቆመች፣ ተንቀጠቀጠች።

ሮብሌ መርፌዋን አየ፣ ከዚያ እኔን።
ሞኝ አይደለም።
«ድንጋዩ ምንም አያወጣም አልሽ፤
ተራራውስ?»

ከታች ድሬ በአቧራዋ ውስጥ ተኝታለች፣
ፍየሎቹ ቀዩን ተሻግረው ወደ ጥቁሩ ይወጣሉ፣
አንዷ ድንጋዩን ትልሳለች፣ ጨው ፍለጋ።

ሪፖርቱን ዛሬ ማታ እየጻፍኩ ነው።
አንድ ዐረፍተ ነገር ይቀረኛል።