ያልከፈለ ይወጣል

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት፣ ዱሉት ላይ በረዶ ይወርዳል፤
የወደቡ መብራት ከጭጋጉ ጋር ተናንቆ ይነዳል።
እኔ፣ ረኔ ሳልሚነን፣ አምሳ አንዴን የደፈንኩ፣
የብልሽት መኪና ስልክ ተቀባይ፣ መጽሐፌን ገልጬ ተቀመጥኩ።
የእንቁላል መቀቀያ ሰዓቴን ሠላሳ አምስት ደቂቃ ሞላሁት፤
ጥያቄ ዐሥራ ሰባትን እንደ ዐጥንት ጋጥኩት።

ከበረዶው ማዶ፣ ከጎታች መኪናው ጋቢና፣
የቱ ሎር ድምፅ በሬዲዮ እየተቆራረጠ መጣና፦
“ተጠየቂ!
አዲስ ድልድይ ተሠራ፤ ከዚያ ወዲህ አደጋ በዛ፤
‘ስለዚህ ጥፋቱ የድልድዩ ነው’ ብሎ ከንቲባው ነገር አበዛ።
ቀዳዳው የት ነው? ፊደሉን ጥሪ።”
“ሐ። ድልድዩ ብዙ ገንዘብ ፈጀ የሚለው።”
“መ ነው። የሚያልፈው መኪና እጥፍ ሆነ የሚለው።”
“ሐ ምን ጎደለው? እውነት አይደለም ወይ?”
“እውነት ነው። እውነት ሁሉ ግን ለተጠየቀው መልስ ነው ወይ?”

ሁለት ጊዜ ተፈትኖ ነጥብ ያነሰው ልጅ ነው ቱ፤
መጽሐፉን ለእኔ ሰጠኝ፣ ከነስሕተቱ፤
በላጲስ የተፋቀው እርሳስ ዱካው ከገጹ አልለቀቀም፣
እሱ የሳተበት ላይ እኔም ስስት፣ አልደነቅም።

ንባቡ ደግሞ ስለ ድንጋይ ሽበት፣ አራት አንቀጽ ሙሉ፤
“የጸሐፊው ስሜት ምንድን ነው?” ይላል ቃሉ።
ይቆጣል? ያፌዛል? “በጥንቃቄ ይደግፋል” የሚለውን መረጥኩ፣
ልጄ አርቮ በስልክ ያለኝን እያስታወስኩ፦
“ጥሩ ነው እማ... በጣም ጥሩ... የብድሩ ነገርስ?”
ይህቺን እንኳ ያለ ቱ መለስኩ።

ጥያቄ ሃያ አንድ ላይ ግን እጄ ቆመ።
“አባል ያልሆነ አይገባም፤ ስለዚህ አባል ሁሉ ይገባል”
የሚል ሰው፣ ምኑ ላይ ይሳሳታል?
አነበብኩት። ደገምኩት።
የሦስተኛው ጎዳና ቤታችን በር መጥቶ ፊቴ ተገተረ፣
ከነወረቀቱ፣ ከነማኅተሙ፣ እንደ ነበረ።

ዐሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ወረቀቱ፦ “ውዝፉን
እስከ ወሩ መጨረሻ ያልከፈለ ይወጣል።”
እናቴ የአባቴን የጀልባ ሞተር ሸጠች፤
ፒያኖውን ሸጠች፤
ከፈለች።
ደረሰኙን በመርፌ ቁልፍ ደረቷ ላይ ሰክታ ተኛች።
በወሩ መባቻ ዕቃችን በረዶ ላይ ነበር።

ሠላሳ ሰባት ዓመት ያን ወረቀት ውሸታም ስል ኖርኩ።
ዛሬ፣ በእርሳስ፣ ከኅዳጉ ላይ ሠራሁት፦
“ያልከፈለ ይወጣል” ማለት
“የከፈለ ይቀራል” ማለት አይደለም።
ወረቀቱ አልዋሸም።
ቃልም አልገባ።
ያልተጻፈውን ያነበብን እኛ ነን፤ ችግር ባዶ ቦታ ሲያይ ይሞላል።
ቢዋሽ ይሻለኝ ነበር፤ ውሸታም ቢያንስ ይከሰሳል።

“ረኔ፣ አለሽ?”
“አለሁ።”
“ሃያ አንድን ምን አልሽ?”
“ለ” አልኩት።
“ለ ነው!” አለ፣ ደስ ብሎት። እኔ አፍንጫዬን ጠረግሁ።

ሰዓቱና ስልኩ እኩል ጮኹ።
አንዲት ሴት፣ ሁለት ልጆች ይዛ፣ ቦይ ውስጥ ገብታለች፤
“ሁሉም መንገድ ተዘግቷል!” ትላለች፣ ሳግ ይዟት።
“ሁሉም?” አልኳት፣ እርሳሴን እንደያዝኩ። “ወይስ ያየሽው?”
ዝም አለች። የዝናብ መጥረጊያው መስታወቱን ሲፍቅ ይሰማኛል።
“ያየሁት” አለች።
“እንግዲያው ስልኩን አትዝጊ።
ቱ በማታይው በኩል ይመጣል።”