ትርፍ ጣት

ከአቃቂ ድልድይ ወዲህ፣ ከአሮጌው ሐዲድ ጥግ፣
ሁለት በሦስት ቆርቆሮ፣ ሱቅ ይባላል በወግ።
ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን፣ ጉርድ ለመታወቂያ፤
ከፋሲካ ወዲህ ደግሞ አዲስ ማስታወቂያ፦
«ውሃ የበላው፣ የሻገተ፣ የተቀደደ ፎቶ
በሰው ሠራሽ አስተውሎት ይወጣልዎ ጠርቶ።»

ወይዘሮ አሰለፈች በነሐሴ ጭቃ መጡ፤
ከጉያቸው መሐረብ፣ ከመሐረቡ ፌስታል አወጡ።
ጣሪያ አፍስሶበታል፣ ሦስት ክረምት ሙሉ።
«ከዚህ ውስጥ ሰው ይወጣል?» እንደ ቀልድ አሉ።
ወንዱ ከአገጩ በታች በእድፍ ተውጦ፣
ሴቲቱ ትስቃለች፣ አንድ ዓይኗ ተልጦ።
«ባሌ ነው፣ ጉተማ፤ እዚሁ ፋብሪካ፣ ከኔ ጋር።
ቀስ ብለህ አድሰው፤ ሆደ ባሻ ነበር።»

ማታ መብራት ሲመጣ ስካን አርጌ ላኩት።
ክቡ ዞረ፣ ዞረ፤ ሻይ ጠጥቼ ጠበቅኩት።
ስመለስ እድፉ የለም፤ ኮቱ አለ ከነቁልፉ፣
የሴቲቱም ዓይን በቅሏል፣ ቅንድቡ ከነጫፉ።
ትከሻዋ ላይ ያረፈው፣ ውሃ የጨረሰው እጅ
አምስት ጣት ከነጥፍሩ፣ ልስልስ እንደ ልጅ።
ኮራሁ።
ሃምሳ ብር ልጨምር ሁሉ አስቤ ነበር።

በነጋታው መጡ፤ ወንበር ሳብኩላቸው።
መነጽር ረስተዋል፤ የኔን ሰጠኋቸው።
መጀመሪያ ሳቁ፦ «አንገቴን አጠብከው!
ንቅሳቴን እንደ ጥቀርሻ ፈግፍገህ አነሳኸው።
ሁለት ቁና ጤፍ ነው እናቴ የከፈለችበት!»
ከዚያ ወደ እጁ ወረዱ።
ሳቁ እዚያው ቀረ፣ አፋቸው ሳይገጥም።

«ይሄ ሌባ ጣት ከየት መጣ?»
ዝም አልኩ።
«ማሽን ነው የበላው። ገና ሳላውቀው።
የፋብሪካው ክሊኒክ ነበርኩ፣ ድሬሰር፣ ሁለተኛ ወሬ፤
በዚያው በሚፈትለው ጥጥ ጠቅልለው አመጡልኝ።
መጀመሪያ የጨበጥኩት ጉማጁን ነው።
እኔ ያገባሁት አራቱን ነው፣ ልጄ።
አምስተኛውን አላውቀውም።»

ምን ይባላል? አንዱ ማሽን ነክሶ ወሰደ፣
ሌላው በአርባ ዓመቱ፣ ሳይጠሩት፣ ወለደ።
ያኛው ካሳ አልከፈለም፤
ይኸኛው ይቅርታ አልጠየቀም።

ፎቶውን አስጠጉ፣ አራቁ፣
በአውራ ጣታቸው ጫፍ መስተዋቱን ዳሰሱ፤
«እንዲህ ነበር ይሆን?» አሉ፣ ለኔ ሳይሆን።
ውጭ አንድ አይሱዙ ጭቃ ረጭቶ አለፈ።
«ያምራል» አሉ። «ቁረጥልኝ።»

እኔ ዶሮ እንኳ አርጄ የማላውቅ ሰው
ማውስ ጨብጬ፣ እጄን ላብ እያራሰው፣
እሳቸው ከጀርባዬ ቆመው፦
«ከዚህ ጋ። ዝቅ በል። አይደለም፣ ተው፣ ብዙ ወሰድክ።
ጫፉ ወደ ውስጥ ዘወር ያለ ነው።
ስፌቱ ጠማማ ይሁን፤
የዚያን ቀን እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።»

ጠማማ አደረግኩት።
«እንደሱ» አሉ። ተቀመጡ። መነጽሬን ግን አልመለሱም።
«ንቅሳቱንስ ልመልሰው?» ብል፣
«እሱን ተወው፤ አንድ ቀን እንኳ ልታጠብ።»

ሁለት መቶ ብር ቆጥረው፣ ፌስታሉን ጠቅልለው፣
በድንጋይ በድንጋዩ እየረገጡ ሄዱ።
መብራቱም ሄደ፤ እንደ ልማዱ።

ጣቱ ቅርጫት ውስጥ አለ።
ከማን ከማን እጅ ለቅሞ ሠራው እላለሁ፣
ከየትኛው ሙሽራ፣ ከየትኛው ጸሐፊ፣ ከየትኛው ሕፃን?
ለካ በከንቱ አይደለም ሌባ ጣት መባሉ።
መብራት በመጣ ቁጥር ኮምፒውተሩ ይጠይቀኛል፦
«ቅርጫቱ ይጥፋ?»
ቆይ እለዋለሁ።
ደንበኛ አለ፤ ጉርድ፣ አራት ፍሬ፣ ለመንጃ ፈቃድ።