ሰባ ሦስት ሞት

ሰባ ሦስት ጊዜ ነው የሞትኩት በጠቅላላ፤
አንዱን ከጣሪያ ላይ፣ አንዱን ከጋጣ ኋላ፣
ሁለቱን ከፈረስ፣ አንዱን ገና ስበላ።

ታቤርናስ ይባላል አገሩ፣ ዝናብ የረሳው፤
ገመድ ገማጅ ነበርኩ፣ ሣሩ እጄን ያሳሳው።
የፊልም ሰዎች መጡ በአቧራማ መኪና፤
«መውደቅ ትችላለህ?» አሉኝ። «ሌላ ምን እችልና!»

ከተማ አቆሙልን፣ ባንክ፣ መጠጥ ቤት፣ እስር ቤት፣
ከጣውላና ከሚስማር፣ በአንድ ሳምንት ዕድሜ ሌት ተቀን ሠርተውት።
ፊት ብቻ ነበረው፤ በሩን ከፍተህ ስትገባ
የሚቀበልህ ሜዳ ነው፣ ነፋስና የእሾህ አበባ።

ከዚያ እሱ ይመጣል።
ሁሌ ከአንድ አቅጣጫ፣ ሁሌ ብቻውን፣
ባርኔጣው ጋርዶበት ግማሽ ፊቱን።
ስም አልሰጡትም፣ ቀዬም አልሰጡትም፤
ሽጉጥ ብቻ ሰጡት፣ ሌላ አላስፈለገውም።

እኛ ስም ነበረን፦
እኔ ኡርባኖ፣ ወንድሜ ሲፕሪያኖ፣ አንካሳው ቤኒግኖ።
ግን ስም የለሹ ሰውዬ ስሙ ግድግዳ ሙሉ ይጻፋል፤
የእኛ፣ ስም ያለን ሰዎች፣ ከአቧራው ጋር ያልፋል።

ብቸኛ ነው ይላሉ። እንጃ።
አርባ ሰው ነበረ ከካሜራው ጀርባ፦
ጃንጥላ የሚይዝለት፣ ላቡን የሚጠርግለት፣
የጸዳ ጫማው ላይ አቧራ የሚነሰንስለት።

አንዴ ሳይተኩስ ወደቅሁ።
«ገና ነው!» አለ አዘጋጁ። «ይደገም!»
ተነሣሁ። ሸሚዝ ለወጡልኝ። ሞትኩ።
ደመና ጋረደን። «ይደገም!»
ተነሣሁ። ሞትኩ።
ፈረሱ አስነጠሰ። «ይደገም!»

ማታ ሬሜዲዮስ ሸሚዜን በርሜል ውስጥ እያሸች፣
«ዛሬስ ማን ገደለህ?» ትለኛለች፣ ቀና ሳትል።
«ያው እሱ።»
«ስንት ከፈሉ?»
ቀዩ ቀለም ከጥፍሯ ሥር እስከ እሑድ ይቆያል፤
ቅዳሴ ላይ እጇን ትሸሽጋለች፣
ነፍስ እንዳጠፋ ሰው።

መጨረሻው ሁሌ አንድ ነው፤ ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ
በፈረሱ ይሄዳል፣ ዞሮ አያይ፣ አይስቅ።
እኛ ሬሳዎቹ በደረታችን ተኝተን
ጀርባውን እናያለን፣ በአንድ ዓይን አጮልቀን።
ኩራት ይመስለኝ ነበር።
እቀናበት ነበር፣ እውነቱን ለመናገር።

በየካቲት፣ በአልሜሪያ ሆስፒታል፣ ሊነጋ ሲል፣
ነርሷ አንሶላውን እስከ ፊቷ ሳበችው።
ቆሜ ጠበቅሁ።
መብራቱ በርቷል፤ ሰዎቹም ቆመዋል፤
ሁሉም ነገር እንደዚያው ነው።
አንድ ሰው እስኪጮህ ጠበቅሁ።
«ይደገም» የሚል ጠፋ።

ኮሪደሩ ረጅም ነበር፤
ጫፉ ላይ መስኮት፣ መስኮቱ ላይ ፀሐይ።
ሄድኩ። ዞሬ አላየሁም።
ለካ ኩራት አይደለም፤
ዞሮ ካየ እግሩ አይታዘዘውም።

አሁን በእንጨቱ ከተማ በር ላይ ትኬት እቆርጣለሁ።
ልጆች ባርኔጣዬን አይተው፣
«ያ ሰውዬ አንተ ነህ?» ይሉኛል።
«የለም፣ እኔ ሟቹ ነኝ።»
ይስቃሉ። «እስኪ ሙትልን!» ይላሉ፤
እናቶቻቸው ይቆጧቸዋል።
አንዳንዴ፣ ጉልበቴ ሲፈቅድ፣
ወንበሩን ይዤ ቀስ ብዬ እወድቅላቸዋለሁ፤
ትንሽ ተኝቼ ሰማዩን አያለሁ፤
ከዚያ እነሣለሁ፣ ሱሪዬን አራግፋለሁ።
ይህችን እንኳ አውቅባታለሁ።