አስተርጓሚዋ

የቂርያት ጋት ፀሐይ አስፋልት ስታቀልጥ፣
አባቴ ይጠራኛል፣ ከልጆች ጋር ስሮጥ፤
«ወርቂት፣ ነይ አንብቢው፣ ምን ይላል ወረቀቱ?»
የውኃ ነው፣ የባንክ፣ ደግሞም የመብራቱ።
ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ላባቴ አፍ ሆኛለሁ፤
የጉልበቱን ሕመም፣ «ያመኛል» እላለሁ።

መምህርት ኦስናት አንድ ቀን አስጠራችው፤
ፈተናዬን ይዛ ቀዩን አሳየችው፤
«ከሺራ ገልብጣ፣ ስትያዝ ካደች፤
የራሷን ስም ትታ የሺራን ጻፈች!»

ከሌሊት ጥበቃ እንቅልፉን አርግዞ፣
አባቴ ጠበቀኝ ባርኔጣውን ይዞ።
«ምን አለች?»
ሰሙን አቀበልሁት፣ ወርቁን ዋጥ አደረግሁ፤
«‹ጎበዝ ናት፣ ሺራንም ትረዳለች› አለች» አልሁ።
አባቴ ተነሣ፣ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ፤
ግራ ገባት ኦስናት፣ ቁጣዋን እስክትረሳ።

ለአሽዶዷ አክስቴ፣ ለአጎቴ በተራ፣
ያን ማታ በስልክ ስለ እኔ ሲያወራ!
ለቦሪስም ነገረው፣ በር አብሮት ለሚቆመው፣
ቃል ቢያጥረው በአውራ ጣት እያስተረጐመው፤
ቦሪስ ቸኮሌት ላከ። አልበላሁም፣ ደበቅሁት፤
ትራሴ ሥር ቀልጦ በጧት አገኘሁት።

በመንገድ ያገኘኝ ሁሉ «ጎበዝ!» ይለኛል፤
ቃሉ ጫማዬ ውስጥ እንደ ጠጠር ይወጋኛል።
ሺራ ከጎኔ ተነሥታ መስኮት ዳር ተቀምጣለች፤
ኦስናት በኮሪደር ሳልፍ ቅንድቧን ታነሣለች።
«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» ብትል እናቴ ለሌላ ሰው፣
እኔን ነው ብዬ ጉሮሮዬን ውኃ አነቀው።
ቄሱም በጸሎት ቤት፣ «ጾም ብቻ መች ሊያፀዳ፤
በሰው በር ሄዶ ነው የሚከፈል የሰው ዕዳ።»

አስተስርዮ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው፣
አባቴ ነጠላውን አጥቦ ሲያሰጣው፣
በረንዳው ላይ ቆሜ መቆንጠጫ ሳቀብለው፣
«አባዬ…» አልሁ።
ሁሉን ዘከዘክሁለት፣ አንድም ሳላስቀረው።

ዝም አለ። ነጠላው ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ ይላል።
ከምድር ቤት ሴትዮዋ በዕብራይስጥ ትጮኻለች።
«ምን አለች?» አለኝ፣ ሳያየኝ።
«‹ውኃችሁ ፈሰሰብኝ፣ ባለጌዎች!› አለች።»
ሊስቅ ብሎ ተወው። እጁን አደራረቀ፤
የቸኮሌቱን ነገር ቆይቶ ጠየቀ።
«የቦሪስን ታዲያ ማን ይመልሰዋል?» አለ፣
ባርኔጣውን ደፍቶ ወደ ደረጃው ቀደም አለ።

የሱፐርማርኬቱ በር ይከፈታል፣ ይዘጋል፤
ቦሪስ ወንበሩ ላይ ሱፍ ይፈለፍላል።
ልቤም እንደ በሩ ነው። «ሺካርቲ» አልሁት፣ ቀስ ብዬ፤
አባቴ ጐንበስ አለ፤ «ምንድን ነው ያልሽው፣ እማዬ?»
«‹ዋሸሁ› ማለት ነው።» ቃሉን በአፉ አዞረው፤
«ሺካርቲ… ሺካርቲ… ‹ሰከርሁ› ነው የሚመስለው!
ደግሞ አልተሳሳቱም፤ ያንገዳግድ የለ?»
ብሎ ለብቻው ሳቀ፣ ትከሻዬን ያዝ እያደረገ።

የኦስናት፣ የሺራ ዕዳ ለነገ አደረ።
ቦሪስም «ምን አለ?» ብሎ ወደ እኔ ዞረ፤
ቃል ስፈልግለት፣ አፌ እንደ ተከፈተ፣
በሩ ራሱን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ደግሞ ከፈተ።