ጥቀርሻ

ከመንገድ ላይ ሲያዩት ቤቱ ቀይ ጡብ ነው፣
ልክ እንደ ዳኛ ፊት ስሜት የሌለው፤
መስኮቱ በመስመር፣ በሩ መሀል ላይ፣
የኋላው ማንነት ከፊት እንዳይታይ።
በጎኑ ዞር ብዬ ቀረብ ስል ግን፣
ያዘመመ የእንጨት አጽም፣
በጭድ በጭቃ በልምጭ የተመረገ፣
ሌላ ቤት ቆሟል፣ ከጡብ ጀርባ የተሸሸገ።

ሰፎክ ውስጥ ነው ይህ፤ ሜዳው እርጥብ ጭቃ፣
የየካቲት ፀሐይ ዘግይታ የምትነቃ።
ወይዘሮ ሄስተር ጋዘርኮል በጎማ ቦቲያቸው
ከጓሮ መጡና፣ ከፊት ውሻቸው፣
«ጣሪያው ያፈሳል» አሉኝ፣ «ከአልጋዬ በላይ።
ባልዲ ደርድሬያለሁ። ውጣና እስቲ እይ።
ቤቱ የቅርብ ነው፤ አያቴ ሲነግሩኝ
ሁለት መቶ ዓመቱ ነው፣ ሦስት አይሞላም አሉኝ።»

መሰላል አቆምኩኝ፤ ባትሪዬን ነክሼ
በኮርኒሱ ቀዳዳ ገባሁ ተጎንብሼ።
አቧራ። የተርብ ጎጆ። የወፍ ላባ። ዝምታ።
ከዚያ ብርሃኑ ሄዶ ወጋግራ ሲመታ
ጥቁር!
በዕድሜ የጠቆረ አይደለም፣ ቀለምም አይደል፤
ስነካው ጣቴ ላይ ቀረ፣ ከሰል የሚመስል፤
ጥቀርሻ ነው፣ የጭስ ድርብርብ ልባስ፣
ከእሳት ተነሥቶ ጣሪያ የሚልስ።

እኔ ጠራቢ ነኝ፣ ትምህርት አልገፋሁም፤
ግን ጭስ ማውጫ ያለው ቤት ወጋግራው አይጠቁርም።
ከሥሬ መኝታ ቤት፣ የተዘጋ ጣውላ፤
ታዲያ የቱ እሳት ነው ይህን ሁሉ የበላ?

ተቀምጬ አፈረስኩት፤ በሐሳቤ ማለቴ ነው።
ጡቡን እንደ ካፖርት ከፊቱ ገፈፍኩት፣
የጭሱን ማማ ናድሁት፣
ፎቁን እንደ ምንጣፍ ጠቅልዬ አነሣሁት፤
ቀረ አንድ አዳራሽ፣ እስከ አናቱ ባዶ፣
ወለሉ አፈር ብቻ፣ መሀሉ እሳት ነዶ፤
ጌታውም ሎሌውም ውሻውም በአንድነት
ዓይናቸው እያለቀሰ ሾርባ የሚጠጡበት።
ጭሱም በር አልነበረው፤ እንደ ሰነፍ እንግዳ
ሲዞር ውሎ ይወጣል በክዳኑ ቀዳዳ።

ኋላ አንዱ ሀብት ሲያገኝ፣ ስሙን ማን ያውቃል፣
ጭስን በጡብ አሠረው። ያለው ሰው ጭስ ይንቃል።
ፎቅ በላይ ዘረጋ፣ ደረጃ ጠመዘዘ፣
ጌታ ለብቻው ሞቀ፣ ሎሌ ለብቻው ፈዘዘ።
የልጅ ልጁ ደግሞ በጭቃው አፈረ፤
ከፊት ጡብ ደረደረ፣
ገንዘቡ አለቀና ጎኑ እንዲያው ቀረ።

ግን ጠራቢው አለ። በየመጋጠሚያው
በመሮ የጫረው ቁጥሩ አለ ያው፤
አንድ ጭረት ከአንድ፣ ሁለት ከሁለት ጋር፣
ሜዳ ላይ ያጋጠመው ቤት ሲቆም እንዳይደናገር።
አራተኛው ላይ ግን እጁ ተዘናጋ፤
አምስት ጭሮ ፍቋል። ጠጥቶ አደረ፣ ወይስ ሳይተኛ ነጋ?
ጣቴን አሳረፍሁበት፤ የስድስት መቶ ዓመት ስሕተት።
ከትክክሉ ይልቅ ያዛመደን ያ ፍቀት።
ችንካሩም ኦክ ነው፣ ሲደርቅ የሚበረታ፤
ምላስ ከአፍ ገጥሞ፣ ያለ ብረት ቤት መታ።

ከጭስ ማውጫው ጀርባ፣ ኖራው ከረገፈበት፣
አንዲት የልጅ ጫማ አገኘሁ፣ የግራ፣ ክር የሌላት፤
ተረከዟ ያለቀ፣ አውራ ጣቷ የተቀደደ፣
ክፉን እንድትጠብቅ ሰው ሸሽጓት የሄደ።
ይዣት ወረድሁ። ሄስተር አገላበጧት፣
በመዳፋቸው ለኳት፤ ውሻው አሸተታት።
«ቤቱ ስድስት መቶ ነው» አልኋቸው፣ «ጫማዋ አራት።»
ዝም አሉ። ወጥተው ጡቡን በጣታቸው መቱት፤
«ዋሾ!» አሉት፤ «እኔ ብቻ ያረጀሁ መስሎኝ፣
ይኸው ሰማንያ ዓመት በፊትህ ሸነገልኸኝ።»
ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣
«መልሳት ከነበረችበት፣ ቤቱ እንዳያነክስ።
ክዳኑን ብቻ ጠግን፤ ጥቁሩን አትቀባ፣ አታድስ።»

ሦስት ቀን ሠራሁ። የበሰበሰውን ቆርጬ
አዲስ ኦክ ገጠምሁበት፣ እርጥቡን መርጬ።
ከመውረዴ በፊት መሮዬን አወጣሁ፤
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ጭረት ጫርሁ።
አምስተኛውን ልጨምር ዳዳኝና
ተውሁት።

ማታ እጄን ታጠብሁ፤ ሳሙናው ጠቆረ፤
ከጥፍሬ ሥር ግን ትንሽ ጥቀርሻ ቀረ።