ያልተቋጨ

ከወደቡ በላይ፣ ጀልባ ከሚታሰርበት ከዋርካው ሥር፣
አንድ በርጩማ፣ መቀስ፣ ስድስት መርፌ፣ ጥቁርና ነጭ ክር፤
ሱቄ ይኸው ነው። የስፌት መኪናዬ ለቤት ኪራይ ሄደ፤
ጣቴ ግን ቀረልኝ፣ መብራት በጠፋበት መስፋቱን ለመደ።

ገዳም ሊሻገር የሚጣደፍ ሰው፣
የጀልባ ሚስማር ይዞ ጠርዙን የተረተረው፣
«ቶሎ በይልኝ» ይለኛል።
ቶሎ የሚባል ስፌት አላውቅም።
መጀመሪያ የተመዘዘውን ክር በመቀስ እከረክማለሁ፤
አልስበውም።
አንዱን ክር የሳበ፣ የጎኑን ይቀሰቅሳል፣
ያም ያንን፣ ያም ያንን፣ እንደ ሠፈር ወሬ ከጉልበት ይደርሳል።

ክሬን በጧፍ ቁራጭ ላይ ሁለቴ አሳልፋለሁ፤
ሰም የቀመሰ ክር አይሻክርም፣ አይወሳሰብም።
(ወርቁን ሌላ ይፈልገው፤ የእኔ ሙያ ሰሙ ነው።)
ስስ ጨርቅ ከሆነ አጥፌ፣ ያጠፍኩትን ደግሜ አጥፌ፣
ጥሬውን አፍ ወደ ውስጥ አስገብቼ እይዘዋለሁ በመርፌ።
ወፍራሙን እዘመዝመዋለሁ፤ ከኋላ ወደ ፊት፣
ጠርዙን ዞሮ ዳግም ከኋላ፣ በስንዴ ፍሬ ርቀት።
ካጠበቅሁት ይኮማተራል፤ ካላላሁት ያመልጣል፤
ልኩን የሚያውቀው አውራ ጣቴ ነው፤ እሱም አይናገርም።

«ዳር ካልተጠበቀ መሃል ዳር ይሆናል» ይላሉ ሽማግሎች፤
ስለ አገር ነው አሉ። እኔ ያየሁት በሱሪ ነው።
ደግሞስ ስሟ ዳር ከሆነ ከተማ ተወልጄ፣
ከዳር ሌላ ምን ሊጠብቅ ኖሯል እጄ?

በግንቦት፣ ውኃው ከደንገሉ ሸሽቶ ጭቃው በታየበት ማለዳ፣
አያ ጫኔ መጣ፣ ጀልባ ነጂው፤
በብብቱ ፌስታል፣ በፌስታሉ ነጠላ።
ይታይሽ የፈተለችው ነው፣ ነፍሷን ይማር።
ባንዱ ጫፍ ቁጩ አልቋል።
በሌላው፣ ዐሥራ ሰባተኛው ላይ እጇ ቆሟል፤
ከዚያ ወዲያ ድሩ ልቅ ነው፤
ማጉ አንድ አንድ እያለ ሾልኮ መውጣት ጀምሯል።

«ልጨርሰው?» አልኩት። ለእኔ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው።
«አይ» አለኝ። «አትቋጪው።»
ቆየና፣
«ግን ደግሞ እንዳይተረተር።»

እንዲህ ያለ ሥራ ማንም አዝዞኝ አያውቅ።
ወደ ሐይቁ አየሁ፤ እሱም ጠርዙን ያጥፋል፣ ይዘረጋል፣ ያጥፋል፤
እስከ ዛሬ አልጨረሰም።

ሰም አላስነካሁትም፣ በነጭ ላይ ይታያል።
ከራሱ ከነጠላው አንዲት ክር ለምኜ፣
ጨርቁ አልቆ ልቁ ከሚጀምርበት፣
ከድሩ ሁለት ሁለት እያነሣሁ፣ ከማጉ አንድ እየነከስኩ፣
አጎንብሼ ሄድኩ።
የተንጠለጠለውን እንደ ተንጠለጠለ ተውኩት።
ዐሥራ ሰባተኛው ቁጭ ስደርስ መርፌዬ ቆመች፤
ክሩ የተጠመዘዘው በተቃራኒ ነው።
«ይታይሽ ግራኝ ነበረች እንዴ?»

አያ ጫኔ ከዋርካው ሥር ቁጭ አለ።
ቁጭ አለ እንጂ ቁጭቱን አላወራም፤
ሲያሻው በግራ እጁ አየር ይጠመዝዛል።

ለዋጋው ሁለት ቆሮሶ አስቀመጠልኝ፣ ገና የሚንፈራገጥ።
ተረኛዋ ሴት የቀሚሷን ጫፍ ዘረጋችልኝ፤
«ቶሎ በይልኝ፣ ጀልባው ሊሄድ ነው።»
ጀልባው የአያ ጫኔ ነው።
አልሄደም። ገና ቁጭ ብሏል።