ካስማ አልባ ድንኳን

ቅዳሜ ከንጋቱ ዐሥራ ሁለት፣ ስድስት ኪሎ ግቢ በር፣
አምስት ሆነን ቆመን ነበር።
ብርድ ልብስ፣ ጀሪካን፣ ሁለት ኪሎ ድንች፤
ልባችን ቀድሞን ሄዷል፣ ወንጪ ሐይቅ ዳር ተቀምጧል።
ቶለሳ ድንኳኑን እንደ አራስ ልጅ ታቅፎታል፣
ከመንገድ ቀያሽ አጎቱ ለምኖ ያመጣው፣
“ቢቀደድ የምጥፈው በአንተ ቆዳ ነው” የተባለበት ድንኳን።

ሹፌሩ ቀብድ በልቷል፤ ሰባት መቶ ብር።
አንድ ሰዓት ሆነ። ሁለት ሆነ።
“የደወሉላቸውን ደንበኛ ለጊዜው ማግኘት አይችሉም”፣
ያችው ስልክ ውስጥ የምትኖረው ሴት፣
የሰው ተስፋ መቁረጥ የማይሰለቻት።
አራት ሰዓት ላይ ኪሩቤል ድንቹ ላይ ተቀምጦ አንቀላፋ።

“ግንፍሌ የአክስቴ ቤት አለ” አለች ስንዱ።
“አክስትሽ ሐይቅ አላት?”
“አክስቴ አራተኛ ፎቅ ናት። ከእሷ በላይ ሰማይ ነው።”

ወጣን።
የሰው ጫማ፣ የሰው ብስክሌት፣ የሰው ሽንኩርት ቁሌት እየዘለልን
ሰገነቱ ላይ ደረስን፦
ሦስት ጥቁር ሮቶ፣
ፊቱን ወደ አንድ ወገን ያዞረ የዲሽ መንጋ።
ቶለሳ ካስማውን በድንጋይ መታ፤
ሲሚንቶው ሳቀበት።
እና አንዱን ገመድ ከሮቶው እግር አሰርን፣
አንዱን ከዲሽ፣ አንዱን ከተረሳ ብሎኬት፣
አንዱን ሐምዲያ ክንዷ ላይ ጠምጥማ ቀረች፣
“እኔ ካስማ ነኝ” እያለች፤
የሥነ ምድር ተማሪ፣
ድንጋይ ልታጠና ወጥታ ድንጋይ የሆነች።

ድንኳኑ ቆመ። ትንሽ ዘመመ፣ ግን ቆመ።

ከታች ግን
ከመስኮቱ፣ ከሱቁ በር፣ ከታክሲው ሰልፍ
ሰፈሩ ቀና ብሎ አየ።
አዲስ አበባ ድንኳን ሲያይ የሚያውቀው ሁለት ነገር ነው፤
ሰርግ ከሆነ ክላክስ ይሰማል።
ክላክስ አልተሰማም።

ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ እትዬ ዘነቡ
ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ጉልበታቸውን ደግፈው፣
አንድ ሰሃን ንፍሮ በፌስታል ሸፍነው
ከደረጃው ጫፍ ብቅ አሉ።
“ማን ነው ልጆቼ? ማን ነው ያረፈው?
የእድሩ ጥሩንባ እንዴት ሳይነፋ?”

ዝም አልን። ዲሾቹም ዝም አሉ።
ምላሱ ሐሳቡን የሚቀድመው ቶለሳ
“ሹፌሩ ነው እማማ” አለ።
“ወይኔ! ልጅ አለው?”
“ቀብድ አለው።”

መጀመሪያ አልገባቸውም።
ሲገባቸው ነጠላቸውን አቀኑና
ብሎኬቱ ላይ ተቀምጠው
ለሟች ይዘውት የመጡትን እንባ
በሳቅ አወረዱት።

ንፍሮውን በላን። ስንዴና ሽምብራ፣ ጨው የበዛበት፣ ገና ያልበረደ።
ድንቹን ማን ያስታውሳል።
“እኔ ድንኳን ውስጥ የተቀመጥኩት” አሉ “ባሌን የቀበርኩ ለት ነው።
ሦስት ቀን ሸራ ሳይ ከረምኩ።
ማንም ወጥተሽ ሰማዩን እዪ አላለኝም።”
ከዚያ ጫማቸውን አወለቁ፣ ገቡ፣
ራሳቸውን ወደ በሩ አድርገው ትንሽ ጋደም አሉ።

ሌሊቱን የአራት ኪሎ መኪኖች መብራት ሸራው ላይ ይሳብ ነበር።
ከወንዙ ይሁን ከእንጦጦ፣ አንድ ጅብ ጮኸ።
“ወንጪ ብንሄድ ይሄ አይኖርም ነበር” አለ ኪሩቤል፣ ከብርድ ልብሱ ውስጥ።
ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ውሃ መጣ።
በአራት ቀን አንዴ የሚመጣው ውሃ፦
ቧንቧው አጓራ፣
ሮቶው ከራስጌያችን ሆዱን ሞላ፣
ከእግሩ የታሰረው ድንኳን አብሮት ተንቀጠቀጠ፣
ከታች አራት ፎቅ ሙሉ ጀሪካን ተንጫጫ፤
እኛ በጨለማው ተጋድመን
ሐይቅ ዳር እንዳደረ ሰው አዳመጥን።
“ደረስን” አለች ሐምዲያ።
ማንም አልሳቀም።

እሑድ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ስልክ ጮኸ።
“የት ናችሁ? ስድስት ኪሎ በሩ ላይ ነኝ፤
እሑድ አይደል ያላችሁኝ?”
ተያየን።
እትዬ ዘነቡ ሰሃናቸውን ሊወስዱ መጥተው ነበር፤
ስንዱ ስልኩን አቀበለቻቸው።
ጉሮሯቸውን ጠረጉና
“አንተ ልጅ” አሉት፣
“ንፍሮህን በልተናል፤
ቀስ ብለህ ንዳ።”